ቀለበቱን ላጸዳው ነው አልኳት

ብዙዎቻችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በክፍል ውስጥ ታውቁኛላችሁ። እውነትን ስለ መናገር ደጋግሜ ያስተማርኳችሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን፣ ያንኑ ትምህርት በማስተምርባቸው ሳምንታት ስለ አንድ ቀለበት ሁለት ጊዜ መዋሸቴን ነው። ነገሩን ያወጣችው አንዲት ትንሽ የማጉሊያ መነጽር ስለሆነች፣ ስለ እርሷም እነግራችኋለሁ። ከእናንተ መካከል የአልማዝ ቀለበት ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ብትኖሩ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ከ6 ዓመት በፊት ነው። ከቀን ሥራዬ ሌላ ማታ ማታ እየሠራሁ ለ8 ወር ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የጌጣጌጥ መደብር ገባሁ። ስለ አልማዝ የማውቀው እንደሚያብረቀርቅ ብቻ ነበር። ሻጩ ትሑት ሰው ነው። ወንበር አቀረበልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ የእጮኛዬን ስም ጠየቀኝ። ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ላይ አንድ ቀለበት አስቀመጠና ከጠንካሮቹ መብራቶች ሥር እያገላበጠ አሳየኝ። "ዋጋው 8,400 ዶላር ነው፤ በዚህ ሳምንት ግን በግማሽ ዋጋ ነው የምንሸጠው" አለኝ። 4,200 ዶላር ከፈልኩ። ከደረሰኙ ጋር፣ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመና ማኅተም ያለበት የዋጋ ግምት ሰጠኝ። ክብ አልማዝ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ካራት፣ ቀለሙ "ጂ"፣ ጥራቱ "ቪ.ኤስ 2"፣ ቀለበቱ 14 ካራት ነጭ ወርቅ፣ ግምቱ 8,400 ዶላር ይላል።

ያን ወረቀት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የ8,400 ዶላር ዕቃ በግማሽ ዋጋ የገዛሁ ብልህ ሰው መስዬ ታየሁኝ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላት። "እማዬ፣ ቀለበቱን ገዛሁ" ስላት እልል አለች። ቀጥላ "ስንት ካራት ነው?" አለችኝ። እኔም በኩራት "ወደ አንድ ካራት ነው" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጄ፣ አንድ ካራት? አታለሉህ እኮ! የእኔ የጆሮ ጌጥ እንኳ ሃያ አንድ ነው" አለችኝ።

ከት ብዬ ሳቅሁ። ከእናንተም መካከል ይህን የሚያደበላልቅ እንዳለ ስለማውቅ ላስረዳ። ለወርቅ ስንናገር ካራት የንጽሕና መለኪያ ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ 21 ካራት ሲባል ከመቶ 87.5 እጁ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ 18 ካራት ከመቶ 75 እጁ። ለአልማዝ ስንናገር ግን ካራት የክብደት መለኪያ ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ አምስት ካራት ተደምሮ አንድ ግራም ይሆናል። ቃሉ የመጣው ካሮብ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ነው፤ የጥንት ነጋዴዎች ዘሩን ለሚዛን ይጠቀሙበት ነበር። ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋትና አብረን ሳቅን። አሁን ሳስበው ግን እናቴ ምክንያቱን ብትስትም ነገሩን አልሳተችም ነበር።

እናቴ ወርቅ ስትሸጥም ሆነ ስትገዛ፣ ፒያሳ ሦስት ወርቅ ቤት ሳትገባ አትወስንም ነበር። ልጅ ሆኜ አብሬያት ስሄድ በጣም ይሰለቸኝ ነበር። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ መዝኖ ዋጋ ይነግራታል፤ "እመለሳለሁ" ብላ ትወጣለች፤ ሁለተኛው ይመዝናል፤ ትወጣለች። አንድ ቀን እግሬ ሲደክመኝ፣ "ለምን ሰውየውን አታምኚውም?" አልኳት። "አምነዋለሁ፤ ግን ሚዛኑ የእሱ ነው" አለችኝ። ያን ቀን ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ቀለበቱን ለእጮኛዬ አደረግሁላት። ስለ ደስታዋ እዚህ አልጽፍም፤ የራሷ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቤተሰቧ ቤት ምሳ ስንበላ፣ ታላቅ ወንድሟ እጇን ያዝ አድርጎ ቀለበቱን እያየ፣ በቀልድ መልክ "እስቲ ለእህታችን ስንት አወጣህባት?" አለኝ። "ወደ ስምንት ሺህ ገደማ" አልኩት። ወረቀቱ 8,400 ስለሚል ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለኝም። ሰውየው የጠየቀኝ ግን "ስንት አወጣህ?" ብሎ ነው፤ "ስንት ያወጣል?" አላለኝም። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ልዩነት አውቀው ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ "እሰይ!" ሲሉ ዝም ብዬ ጎረስኩ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ናት። ቀለበቱን ኢንሹራንስ ላስገባ ደውዬ 8,400 ዶላር ነው ስላት፣ "ግምቱን የጻፈው ማን ነው?" አለችኝ። "የሸጠልኝ ሰው" አልኳት። "በዚህ ዋጋ ልመዘግብልህ እችላለሁ፤ ክፍያህም በዚያው ልክ ይሆናል። ነገር ግን ቀለበቱ ቢጠፋ 8,400 ዶላር በእጅህ ይቆጠርልሃል ማለት አይደለም፤ ተመሳሳይ ቀለበት ነው የሚተካልህ። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ገማች ብታሳይ ይሻልሃል" አለችኝ።

ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የቀለበት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከተመዘገበው ዋጋ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያስከፍላል። በ8,400 ዶላር ላይ 1.5 በመቶ ቢታሰብ በዓመት 126 ዶላር ነው። ቀለበቱ በእርግጥ የሚተካው በ4,000 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ከሆነ፣ የዓመት ክፍያው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለሌለ ነገር የሚከፈል ነው። ያ የሚያስደስት ወረቀት በየዓመቱ ገንዘብ የሚያስወጣኝ ወረቀት ነበር።

ገማች አገኘሁ፤ ቀለበቱ ግን በእጮኛዬ ጣት ላይ ነው። "ዋጋውን ላስገምተው ነው" ብላት ምን ታስባለች? ደግሞስ ግምቱ ዝቅ ቢልስ? ስለዚህ "ስጪኝ፣ ላጸዳው ነው" አልኳት። አውልቃ ስትሰጠኝ ፊቷ በራ። ይህ ሁለተኛው ነው።

የገማቿ ቢሮ የሱቅ መስኮት የለውም፤ ምንም የሚሸጥ ነገር አልተደረደረም። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። በስልክ አስቀድመው፣ "አልገዛም፣ አልሸጥም፤ ክፍያዬ 125 ዶላር ነው። ቀለበትህ አንድ ሺህ ቢያወጣም መቶ ሺህ ቢያወጣም ያው ነው" ብለውኝ ነበር። ቁርጥ ያለ ዋጋ ለምን እንደሚያስከፍሉ ስጠይቃቸው፣ "ከግምቱ በመቶኛ የማስከፍል ብሆን፣ ግምቱን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር የማተርፈው እኔ እሆን ነበር" አሉኝ። በሙያው ሕግም በመቶኛ ማስከፈል የተነወረ ነው።

ወረቀቱን ላወጣ ስል እጃቸውን አነሡና፣ "አሁን አታሳየኝ። መጀመሪያ ድንጋዩን ልየው" አሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ግምቱን የምትፈልገው ለምንድን ነው?"

እኔ አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ያለው ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው አስረዱኝ። ለኢንሹራንስ ከሆነ የሚፈለገው፣ ተመሳሳይ አዲስ ቀለበት ዛሬ ከሱቅ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ለውርስ ክፍፍል ከሆነ፣ ሳይቸኩሉና ሳይገደዱ ሁለት ሰዎች የሚስማሙበት የገበያ ዋጋ ነው። ዛሬውኑ ሸጦ ገንዘብ ለማግኘት ከሆነ ደግሞ ከሁሉም ያነሰው ነው፤ አልማዝ ከሱቅ ከወጣ በኋላ ለነጋዴ ሲሸጥ ከተገዛበት በጣም ዝቅ ይላል። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ግምት የተጻፈበት ወረቀት ዓላማውን ካልተናገረ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። የእኔ ወረቀት ዓላማ አልተጻፈበትም ነበር።

ሥራውን የሠሩት እኔ ፊት ነው። በመጀመሪያ ቀለበቱን በእንፋሎት አጸዱት፤ የእጅ ቅባትና ሳሙና ቀለሙንም ጥራቱንም ይሸፍናልና። እዚያ ተቀምጬ ሳይ "ላጸዳው ነው" ያልኩት ቃል በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ። ቀለበቱ ጸዳ። እኔ ግን ያው ነበርኩ።

ቀጥሎ አልማዝ መሆኑን አረጋገጡ። ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ጫፉን ድንጋዩ ላይ ነክተው የሚሞክሩበት የሙቀት መሣሪያ አለ። አልማዝ ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ መስተዋት አያስተላልፍም። ነገር ግን ሞይሳናይት የሚባል ድንጋይም ያንን ፈተና ያልፋል። ሞይሳናይትን በ1893 አሪዞና ውስጥ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ያገኘው ሄንሪ ሞይሳን የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው፤ ዛሬ በጌጣጌጥ ላይ የሚገኘው በፋብሪካ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ገማቿ በሙቀት መሣሪያው ብቻ አላበቁም። 10 ጊዜ በሚያጎላ ትንሽ መነጽር ድንጋዩን ሰያፍ አድርገው አዩት፤ ሞይሳናይት ቢሆን የውስጥ ጠርዞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩ ነበር።

ከዚያ በላብራቶሪ የተሠራ አለመሆኑን በሌላ መሣሪያ ፈተሹ። ሰው ሠራሽ አልማዝ ሐሰተኛ አልማዝ ማለት አይደለም። በኬሚካል ይዘቱ ከመሬት ከወጣው ጋር አንድ ነው፤ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ከሠራው ወዲህ ዘዴው ተሻሽሎ ዛሬ በብዛት ይመረታል። ዋጋው ግን እጅግ የተለየ ነው፤ ስለዚህ እዚህ አገር ሻጭ ሰው ሠራሽ መሆኑን ሳይሸሽግ መናገር አለበት። በዓይንም በማጉሊያ መነጽርም ሁለቱን መለየት አይቻልም። የእኔው ከመሬት የወጣ ሆኖ ተገኘ። እፎይ አልኩ። ቸኩዬ ነበር።

ቀጥሎ ልኬት መጣ። ድንጋዩ ቀለበቱ ላይ ስለተገጠመ ብቻውን አይመዘንም፤ በልኬት ነው የሚሰላው። ስፋቱ 6.13 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ 3.75 ሚሊሜትር ሆነ። በጥሩ አቆራረጥ የተቆረጠ የአንድ ካራት ክብ አልማዝ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የእኔው በስሌት 0.86 ካራት ወጣ።

ቀለሙን ደረጃቸው ከታወቀ ናሙና ድንጋዮች አጠገብ አድርገው አነጻጸሩት። አልማዝ የሚመደብበትን ይህን የቀለምና የጥራት መለኪያ የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ጥናት ተቋም፣ ማለትም በ1931 የተመሠረተው ጂ.አይ.ኤ፣ በ1953 ያወጣው ነው። ቀለም ከ"ዲ" ይጀምራል፤ እርሱ ፍጹም ቀለም የሌለው ነው፤ እስከ "ዜድ" ሲወርድ ቢጫነቱ እየጨመረ ይሄዳል። የእኔው "ጂ" ሳይሆን "አይ" ሆነ። ጥራቱን ሲያዩ ደግሞ፣ ከመያዣው ጥፍር አጠገብ ላባ የመሰለ ትንሽ ስንጥቅ አሳዩኝ። መነጽሩን ሰጡኝ፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። አንዴ ካያችሁት በኋላ ሌላ ነገር አይታያችሁም። "ቪ.ኤስ 2" የተባለው "ኤስ.አይ 2" ነበር፤ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ።

አሁን ወረቀቱን ጠየቁኝ። አነበቡት፤ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። "ደረጃ መስጠት የሰው ዓይን ሥራ ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ደረጃ ቢለያዩ አይገርምም። በክብደቱም፣ በቀለሙም፣ በጥራቱም ስህተቱ ሁሉ ወደ ሻጩ ካጋደለ ግን ጥያቄ አንሣ" አሉኝ። ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ። ለኢንሹራንስ፣ ተመሳሳይ አዲስ ቀለበት ለመተካት፣ 3,100 ዶላር።

4,200 የከፈልኩበትን፣ 8,400 ያወጣል የተባልኩትን፣ እኔም "ወደ ስምንት ሺህ" ያልኩትን።

"የመመለሻ ቀን አለው?" አሉኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። 30 ቀን ይላል። ከገዛሁ 24ኛ ቀኔ ነበር።

ወገኖቼ፣ መኪናዬ ውስጥ የተቀመጥኩባትን ያችን ግማሽ ሰዓት ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቀለበቱን "ይኸው ጸዳ" ብዬ ብመልስላት ማንም አያውቅም። ገማቿ ማንንም አያውቁም። የወንድሟ ግምት፣ የእናቴ እልልታ፣ የእጮኛዬ ደስታ ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል። የሚጠፋው 1,100 ዶላር ብቻ ነው፤ እርሱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በመጪው ቅዳሜ ለእናንተ የማስተምረው ትምህርት የኋላ ወንበር ላይ ባለው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ርዕሱን አስታውሰዋለሁ፤ አልነግራችሁም።

ማታ ከሥራ ስትወጣ ጠበቅኋት። ቁጥሮቹን ሁሉ ነገርኳት፤ ወረቀቶቹንም ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋት። ስለ ካራቱም ስለ ስንጥቁም በጸጥታ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለማጽዳት አልነበረም ማለት ነው?"

"አልነበረም።"

"ሥራ ቦታ ለሁሉም ተናግሬ ነበር፤ 'ሳልነግረው ራሱ አስቦ ሊያጸዳልኝ ወሰደው' ብዬ።" ቆየችና፣ "ለወንድሜስ ስንት ነበር ያልከው?" አለችኝ። ስምንት ሺህ ባልኩ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ጥያቄው ለማወቅ አልነበረም። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

ሁለት ቀን አልደወለችልኝም። ከቀሩት ስድስት ቀናት ሁለቱ እንዲህ አለፉ። ያን ጊዜ የማስበው ስለ 30 ቀኑ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አጭር መልእክት መጣልኝ፦ "ነገ ከሥራ በኋላ አብረን እንሂድ።"

ሻጩ እንደ በፊቱ ትሑት ነበር። አዲሱን ግምት አየና ፈገግ ብሎ፣ "ግምት እኮ አስተያየት ነው፤ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ አለው" አለን። እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት እርሷ ቀደመችኝ። "ልክ ነህ፣ አስተያየት ነው። ደረሰኙ ግን አስተያየት አይደለም፤ 30 ቀን ይላል" አለችው። ገንዘባችን ተመለሰልን። ወደ መኪናው ስንመለስ፣ "አሁን ለወንድሜ ደውልለት" አለችኝ። "ቤት ስገባ" አልኳት። "አሁን" አለች።

ደወልኩ። "ጋሼ፣ ያን ዕለት የነገርኩህ ልክ አልነበረም። የከፈልኩት 4,200 ነው፤ ቀለበቱም ያን ያህል አያወጣም ነበር፤ መልሰነዋል" አልኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ። "የምትነዳትን መኪና አይቻታለሁ እኮ። ያኔም አላመንኩህም" አለኝ። እርሷም ድምፁን ሰምታ ሳቀች፤ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት።

ሁለተኛውን ቀለበት አብረን ገዛን። በዚህ ጊዜ ድንጋዩን ሳይገጠም ለብቻው ገዛነው፤ ለብቻው ሲሆን በሚዛን ይመዘናል፣ ጥፍር የሚሸፍነው ስንጥቅም አይኖርም። ከማይሸጥ ነጻ ላብራቶሪ የተሰጠ የደረጃ ምስክር ወረቀት ያለውን መረጥን። ይህ ወረቀት ከዋጋ ግምት የተለየ መሆኑን ልብ በሉ፤ ክብደቱን፣ ቀለሙን፣ ጥራቱንና አቆራረጡን ይናገራል እንጂ ዋጋ አይጽፍም። የወረቀቱ ቁጥር በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ተቀርጿል፤ በዓይን አይታይም፣ በማጉሊያ መነጽር ይነበባል። ገማቿ ዘንድ ይዘነው ሄደን ቁጥሩን በየተራ አነበብነው። 0.70 ካራት ነው። ከቀለበቱ ጋር 2,900 ዶላር ከፈልን፤ እርሳቸው ለኢንሹራንስ 3,000 ብለው ጻፉ። የተረፈው ገንዘብ ለሠርጉ ዕለት ድንኳንና ወንበር ኪራይ ሆነ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ቀለበት ከገዛችሁ፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አስገምቱ፤ ካለፈ በኋላ የምታገኙት እውነት ብቻ ነው፣ ምርጫ አይጨመርበትም። ገማቹ የሚገዛና የሚሸጥ አይሁን፤ "ከፈለግህ እኔ እገዛሃለሁ" የሚል ከሆነ ዝቅ አድርጎ ቢገምት ይጠቀማል። በመቶኛ የሚያስከፍል አይሁን። የከበሩ ድንጋዮችን በትምህርት ቤት የተማረና ስለ ግምት አሠራርም የሠለጠነ መሆኑን ጠይቁ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ቀለበቱን ትታችሁ አትሂዱ፤ እፊታችሁ ይሥራ። የሻጩን ወረቀት በመጨረሻ አሳዩት። የሚሰጣችሁ ወረቀት ልኬቱን፣ የወርቁን ዓይነት፣ የግምቱን ዓላማና ቀኑን ይያዝ። ዋጋ ስለሚለዋወጥ በየጥቂት ዓመቱ አሳድሱት፤ በተለይ ሰው ሠራሽ አልማዝ ዋጋው በፍጥነት ስለወረደ የድሮ ግምት ይዛችሁ አትቀመጡ።

እና እባካችሁ፣ ቀለበቱን ስትወስዱ ለምን እንደምትወስዱት ለባለቤቷ ንገሯት።

እናቴ ለሠርጉ መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ የእጮኛዬን እጅ ያዘችና ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ቀለበቱን አውልቃ በብርሃን ላይ አገላብጣ አየችው።

"ይሄኛው ስንት ካራት ነው?"

"ዜሮ ነጥብ ሰባት" አልኳት።

"ያኛው አንድ አልነበር? ቀነሰ እንዴ?"

"ቀነሰ፣ እማዬ።"

"ሚዛኑስ የማን ነበር?"

"የእኔም የሻጩም ያልሆነ።"

"እንደሱ ይሻላል" አለችና መልሳ በምራትዋ ጣት ላይ አጠለቀችላት።